ከወፍ ቆሎ በቀር የማትበላዋ ትል

አክስቴን ያሳደጋት ዱላ ነው። አያቴ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ሲናደድ እጁ የገባውን ይወረውራል፤ አንድ ቀን እጁ የገባው ወስፌ ሆነ። ጠባሳው ከግራ ጉልበቷ በላይ ዛሬም አለ። ልጄ ሲያለቅስባት ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ፣ "ና እስቲ ይቺን በር አንኳኳ፣ ማን አለ በላት" ትለዋለች። እሱ እያንኳኳ ይስቃል። እኔ ግን በሩን ማን እንደበሳው ስለማውቅ አልስቅም።

ገና ልጅ ሳለች ለግንበኛ ዳሯት። ሰውየው ቀን ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል፣ ማታ እሷን ይጠርባል። ሁለት የፊት ጥርሶቿን ካረገፈ በኋላ ለሦስተኛው እስኪመጣ አልጠበቀችም። በዘነዘና ትከሻውን ብላ ጣለችውና ፍራሿን በራሷ ተሸክማ ታናሽ ወንድሟ ግቢ ገባች። ታናሽ ወንድሟ አባቴ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ "ምነው፣ ምን ይዘሽ መጣሽ?" ሲላት፣ "የተረፉትን ጥርሶቼን" አለች።

አባቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱም "እትዬ" ሲላት ድምፁ ይለሰልሳል። ያ ግን ደህና ቀን ሲሆን ነው። አባቴ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ዘመኑን የጨረሰ ሰው ነው፤ ሰፈሩ "መዶሻ" ነው የሚለው፤ ስሙ የወጣለት ደግሞ በሥራው ብቻ አይደለም። በሱ ቤት ሳህን አይሰበርም፣ ይፈነዳል። እኔና እናቴ በሩ ላይ ኮቴውን ሰምተን ብቻ ቀኑ ምን እንደሚመስል እናውቅ ነበር። ጋራዡ ሲዘጋ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን መሬት ቆፍሮ ፎሶሊያ ዘራ። ብረት የለመደ እጅ ለቡቃያ አይሆንም ብለን ስንፈራ፣ ይባስ ብሎ ወደዳት። ጠዋት ተነስቶ ቅጠሏን እያገላበጠ ሲያናግራት እንሰማው ነበር። እኛን እንደዚያ አናግሮን አያውቅም።

ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ድሮ የከብት ግጦሽ ነበር። ከዚያ የወፍ ቆሎ ያዘው። አንዱ ለአጥር ጌጥ ብሎ የተከለው ነው ይባላል፤ አበባው ያምራል፣ ግማሹ ብጫ ግማሹ ሮዝ፣ ፍሬውን ወፍ ይለቅማል፣ ወፏ የትም ሄዳ ትጥለዋለች፣ በማግስቱ እሾህ ነው። በድርቅ ጊዜ ከብቶች ሌላ ሲያጡ ቅጠሉን ይበሉታል። የበላች ላም ፀሐይ ላይ ስትቆም ቆዳዋ እንደተቀቀለ ድንች ይላጣል፤ ዓይኗ ያብጣል፤ እየጮኸች ትሞታለች። የባለሉካንዳውን ጊደር እንደዚያ ሆና አይቻታለሁ፤ ሰውየው በገዛ ቢላው ገላገላትና ሥጋዋን ለውሻ እንኳ ሳይሰጥ ቀበራት። ቆረጡት፣ አቆጠቆጠ። አቃጠሉት፣ ከአመዱ ሥር ወጣ። ምንጩ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ስለተዘጋ ሴቶቹ እንስራቸውን ተሸክመው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ።

የተባይ ምርምር ጣቢያው በመንገዱ ዳር የመረብ ቤት የሠራው ያን ጊዜ ነው። ከባሕር ማዶ፣ ሙቀት ካለበት አገር፣ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት አመጡ። ክንፏን ብትዘረጋ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም፤ ቀለሟ አመድ ነው፤ ግድግዳ ላይ ብታርፍ ቆሻሻ ናት ብለህ ታልፋታለህ። ልጇ፣ ትሏ፣ ግን ሌላ ጉድ ናት። አረንጓዴ፣ ራሷ ጥቁር፣ የወፍ ቆሎን ቅጠል በድሯ ሰፍታ እንደ ፖስታ ታጥፈውና ውስጡ ተቀምጣ አጥንቱን እስክታስቀር ትበላዋለች። ሁለት ጊዜ የተላከው እሽግ ሞቶ ደረሰ። ሦስተኛው በሕይወት ገባ። የጣቢያው ኃላፊ፣ ከኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት፣ ሠራተኞቹን ሰብስባ፣ "ይቺ ካለቀች አራተኛ የለም፤ የሚልኩልን ሰዎች ሰልችተዋል። ከክረምቱ በፊት አራብተን ኮረብታው ላይ መልቀቅ አለብን" አለች።

አክስቴ መጋቢ ሆና ተቀጠረች። ሥራው ቀላል ይመስላል። በየጠዋቱ ለጋ የወፍ ቆሎ ጫፍ ትቆርጣለች፣ ትሪ ላይ ትዘረጋለች፣ ትሎቹን በላባ ጫፍ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ታሻግራለች። እጇ እሾህ በእሾህ ሆነ። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት አረፈደች። ስትደርስ ትሎቹ እርስ በርስ ተናክሰው ግማሾቹ ወገባቸው ተበልቶ አገኘቻቸው። ማታ ቤት ገብታ፣ "እነዚህ የኛው ዘመዶች ናቸው" አለችኝ፣ "ሲርባቸው ቅርብ ያለውን ነው የሚነክሱት።"

ከመልቀቃቸው በፊት ሌላ ሰብል ይበሉ እንደሆን ፈትነዋቸዋል። ቲማቲም ላይ፣ በቆሎ ላይ፣ ሰሊጥ ላይ፣ ፎሶሊያ ላይ አስቀመጧቸው። ከወፍ ቆሎና በየቦዩ ዳር ከሚበቅለው ነጭ አበባ ካለው የቅርብ ዘመዱ በቀር ምንም አልነኩም፤ ተርበው ሞቱ። አክስቴ ይህን ስትናገር ትኮራ ነበር፤ "ኩሩ ናት። የሰው እህል አትቀምስም።" ሰፈሩ ግን "የትል እናት" ሲል ይቀልድባት ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ በደጁ ስታልፍ፣ "እማማ፣ ልጆቹ እንዴት አደሩ?" ይላታል። "ካንተ ልጆች የተሻለ በልተው" ትለዋለች።

አሁን ስህተቷን ልንገራችሁ፤ ከፍቅር የመጣ ነው። በጣቢያው ሕግ አሮጌው ቅጠልና ፍግ የፈላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚጣለው። አክስቴ ግን የሚጣል ነገር አይታ ዝም የማትል ሴት ናት፤ የኛ ቤት ሴቶች በሙሉ እንደዚያው ነን። የትል ፍግ ደግሞ ለአትክልት ወርቅ ነው፤ ውኃ ከነካው ጭቃ ሆነ። የወንድሟ ፎሶሊያ ብጫ ብጫ ሲል አየች። ስለዚህ አሮጌውን ቅጠል ከነፍጉ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች፣ ፀሐይ ያነደደውን በማዳበሪያ ጆንያ ይዛ መጥታ ከፎሶሊያው ሥር ትበትናለች። "ፀሐይ የፈላ ውኃ ታናሽ እህት ናት" ትላለች። ፎሶሊያው ጠቆረ፣ ወፈረ፣ አባቴም ደስ አለው።

ከዚያ ሰማዩ ዳመነ። ፀሐይ ጠፍታ ሰነበተች። አክስቴ እንደ ልማዷ አሰጣች፣ እንደ ልማዷ በተነች። ከቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ገና የተፈለፈሉ፣ ከክር የቀጠኑ ትሎች እንዳሉ አላየችም። ቅጠሉ ሲያልቅባቸው ምግብ ፍለጋ ወጡ፤ ያገኙት ግንድ የፎሶሊያ ነበር።

አባቴ ያን ጠዋት ፎሶሊያውን ሊያናግር ወጣ። እያንዳንዱ ሐረግ ላይ ራሰ ጥቁር አረንጓዴ ትል ሲጓዝ አየ። እሸቱን ሲፈለፍል ደግሞ ውስጡ ተቦርቡሯል። አልጮኸም። እኔ ልጄን አዝዬ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ወደ ዕቃ ቤት ሲገባና ዲጂኖውን ይዞ ሲወጣ ነው ልብሱን ጥዬ የተነሳሁት።

"አባዬ፣ የት ነው?"

"እህቴ ጋ" አለኝ። እትዬ አላለም።

ልጄን እንዳዘልኩ ተከተልኩት። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ሰው ነው። ያገኘውን ሁሉ እያቆመ ነቅሎ የያዘውን የፎሶሊያ ሐረግ ከነእሸቱ ያሳያል። "በልታኛለች! እህቴ የምትቀልባት ትል በላችኝ! ነገ የናንተን ነው!" ባለሉካንዳው ሽርጡን ሳይፈታ ተከተለው። በርበሬ ሻጯ ሚዛኗን ጥላ ተከተለች። የመረብ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ነበር። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ወገኖቼ፣ ተረጋጉ፣ ኃላፊዋ ከተማ ወርዳለች…" ሲል የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሩን አገኘው። ደሙ በዓይኑ ላይ ሲወርድ እጁን ዘርግቶ በሩን ይፈልግ ነበር። ረግጠውት ገቡ።

ያ ሁሉ ሰው እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ልጄ ሲወለድ ሳሙናና ጨርቅ ይዘው የመጡ ናቸው። መረቡን በጥርሳቸው ጭምር ቀደዱት። ሳጥኖቹን አንስተው መሬት ላይ ፈጠፈጡ። ትንንሾቹ የእሳት እራቶች እንደ ትቢያ ሲቦኑ ሰዉ በነጠላ ጫማ፣ በቆብ፣ በመዳፉ እያጨበጨበ ጨረሳቸው። አንዱ ነጭ ጋዝ አመጣ። ባለሉካንዳው፣ "የእሳት እራት አይደለች እንዴ? እሳቱ ገና ምሳውንም አልበላ" አለና ክብሪት ጫረ። ሳቁ። እየሳቁ አቃጠሉት።

አክስቴ ከጓሮ በኩል ገብታ ኖሯል። በጭሱ መሃል ስትወጣ የሻርፗ ጫፍ ይነድዳል፤ አንዲት ትሪ በደረቷ ታቅፋለች። ትሪዋ ላይ ቅጠል ነበር፣ ቅጠሉ ውስጥ ትሎቹ። የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። አባቴ ፊቷ ቆመ።

"ጣያት!"

"ገለል በል።"

"ጣያት ብያለሁ!"

"አዝዬ ያሳደግኩህ ሰው ነህ፣ ገለል በል!"

ዲጂኖው ሲነሳ አየሁ። ትሪዋን አስቦ ነው ይላል እሱ፤ አክስቴ ክንዷን አስገባች። የተሰበረው አጥንት ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ነው፣ ሌላ ምንም አይመስልም። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ጮኸ። አክስቴ ግን በጉልበቷ ወደቀችና ትሪዋን ሆዷ ሥር አድርጋ ተኛችባት። አባቴ ዲጂኖውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ በመካከላቸው ገባሁ፤ ደፍሬ አይደለም፣ እግሬ ነው ያስገባኝ።

ፖሊሶች ሲደርሱ ግማሹ ሰው በኖ ነበር። አባቴን እጁን ይዘው ሊወስዱት ሲሉ ክንዷን በጨርቅ የማስርላት አክስቴ ቀና አለች። "ይቆይ!" አለች። "አሁን ከታሰረ ዕድሜ ልኩን ትሏ በላችኝ ሲል ይኖራል። መጀመሪያ በዓይኑ ይይ። ከዚያ እኔው ራሴ አመጣላችኋለሁ።"

"ምኑን ነው የሚያየው?" አለ ባለሉካንዳው። እሱ አልሸሸም፣ ይህን ልክድ አልችልም። "ትሎቹ ፎሶሊያው ላይ ነበሩ፤ ሁላችንም አይተናል። አይበሉም ካልሽ እነዚያን አውጪያቸውና ዓይናችን እያየ ፎሶሊያ ላይ አስቀምጪያቸው።"

"ይሞታሉ።"

"ካልበሉ ምን አስጨነቀሽ?"

"ስለማይበሉ ነዋ የምጨነቀው፣ አንተ ደደብ!"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ትሎቹ ፎሶሊያ ላይ ካልተቀመጡ ይቺን ትሪ ዛሬ ባይሆን ነገ ያቃጥሏታል። ከተቀመጡ ደግሞ ንጹሕነታቸውን የሚያስመሰክሩት በመሞት ነው። ሌላ ዘር የለም። አክስቴ ሕዝቡን አየች፣ ትሪዋን አየች። ከዚያ፣ "ግማሹን" አለች። "ግማሹን ለናንተ። ግማሹን ማንም እንዳይነካብኝ።"

በደህናው እጇ፣ በዚያች ላባ ጫፍ፣ ትሎቹን ትለይ ጀመር። እኔ ደካሞቹን ለሞት የምትሰጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የወፈሩትን፣ የነቁትን፣ ሲነኳቸው ራሳቸውን ቀና የሚያደርጉትን ነው ወደ ፎሶሊያው የምታዛውረው። እጇን ያዝኩት።

"አክስቴ፣ ለዘር ጠንካራውን አታስቀሪም?"

"በሽተኛ ከሰጠሁ፣ 'ታመው ነው የሞቱት' ይሉኛል" አለች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፣ ከክንዷ ይሁን ከሌላ አላውቅም። "ደካማ ማሳደግ ለምጃለሁ።"

ትሎቹን ከነፎሶሊያው ሐረግ፣ ከነእሸቱ፣ ሰፊ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከትተን አፉን በመረብ አሰርነው። ማሰሮው ሁሉም የሚያየው ቦታ ይሁን ተባለ፤ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ሥር አስቀመጠው። አክስቴን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ክንዷ ጀሶ ውስጥ ገባ። ፖሊሶቹ በአክስቴ ቃል ለጊዜው የተዉት አባቴ ማሰሮው ፊት ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ማንም ሹልክ ብሎ ቅጠል እንዳያስገባ ነው ይበል እንጂ፣ ወደ ቤት መምጣት ፈርቶ ይመስለኛል። እናቴ በሩን ከውስጥ ቀርቅራበት ነበር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እዚያ ማሰሮ ውስጥ የነበረው ነገር መልካም አልነበረም። ትሎቹ በሐረጉ ወጡ፣ ወረዱ፤ የማሰሮውን ጎን ራሳቸውን እየወዘወዙ መቱት። በማግስቱ አንዱ ቅጠል ላይ ጭረት ታየ። "በላ!" አለ አንድ ጎረምሳ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፤ ሰዉ ተገፋፍቶ ገባ፤ ባለሉካንዳው እጁ ወደ ቢላው ሄደ። አክስቴ በጀሶዋ እየገፋች ገብታ ማሰሮው ላይ ተደገፈች። ደግነቱ ሁሉንም አባቴ ቀደማቸው።

"ቀምሶ ተፋው" አለ። "ከጠዋት ጀምሬ እያየሁት ነው። ቀመሰ፣ ተፋ፣ ጥሎት ሄደ።"

ከዚያ ይናከሱ ጀመር። ጠንካሮቹ ነበሩና ንክሻቸውም ጠንካራ ነው። አንዱ የሌላውን ጎን ይዞ አይለቅም፤ አረንጓዴ ውኃ ይፈሳል፤ ያሸነፈውም ሰዓት ሳይቆይ ጠቁሮ ይወድቃል። ሊላጭ የመጣ ሁሉ ሳሙናው ፊቱ ላይ እየደረቀ ያይ ነበር። ቀልዱ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ራዲዮውን ዘጋው። ከቅጠሉ ግን አንድም አልጎደለም።

ሁሉም ሞተው ማሰሮው ጸጥ ካለ በኋላ አንደኛው የፎሶሊያ እሸት ተነቃነቀ። ጎኑ ተበሳ። ከውስጡ አንድ ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ ጀርባው ነጠብጣብ ትል ብቅ አለ፤ ዙሪያውን ሬሳ ሞልቶት ሳለ ተዝናንቶ ወደ ሌላው እሸት አመራና ይቦረቡር ጀመር። ያ የድሮ የፎሶሊያ ትል ነው፤ ማንም ከባሕር ማዶ ያላመጣው።

"ሌባው እልፍኝ ተኝቶ ነዋ፣ እኛ እንግዳ ስንገድል!" አለ ባለሉካንዳው። የሳቀለት የለም።

አባቴ መረቡን ፈታ፣ እሸቱን አወጣ፣ ትሉን በአውራ ጣቱ ጨፈለቀው። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ማንንም ሳያይ ወጣ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። አክስቴ እንደ ቃሏ ተከትላው ሄደች፤ ቃሏን ሰጠች፤ አንድም ነገር አልቀነሰችለትም። "ወንድሜ ነው፣ ሰብሮኛል፣ ሁለቱንም ጻፉ" አለቻቸው። አስረው በዋስ እስኪለቁት ድረስ ቅጠል የምቆርጠው እኔ ነበርኩ፤ ልጄን አዝዬ፣ እሾሁ የሕፃኑን እግር እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልዬ። ኃላፊዋ ከተማ ሆና ወሬውን ስትሰማ አልቅሳ ነበር፤ መጥታ አክስቴን ስለ ቅጠሉ ማስጣት ተቆጣቻት፤ አክስቴም፣ "ተቆጪ ልጄ፣ ልክ ነሽ" አለቻት። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው የተረፈችው ትሪ የተቀመጠችበትን የኛን ኩሽና በመረብ ጋረዱት።

አባቴ የተፈታ ዕለት ቤት አልገባም። ቀጥታ ኮረብታው ላይ ወጣና ጆንያ ሙሉ የወፍ ቆሎ ይዞ መጣ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ በእሾህ ተተልትሎ ደም በደም ሆኗል። ኩሽናው በር ላይ ቆመ። አክስቴ አንዱን ዘለላ መዘዘች፣ ገለባበጠችው።

"ይሄ ያረጀ ነው። ለጋ ጫፉን ነው የሚበሉት።"

ተመልሶ ወጣ። ሌላ ይዞ መጣ። እሱንም ገለባበጠችው።

"እትዬ…"

"ስማ። ሁለተኛ እጅህን ብታነሳ፣ በኔም ሆነ በነሱ" አለችና በአገጯ ወደኔና ወደ እናቴ ጠቆመች፣ "በተኛህበት በዘነዘና ነው የምጨርስህ። ባሌን ጠይቀው፣ አልቀልድም።"

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ቅጠሉን አስገባና ሂድ። ነገም ታመጣለህ።"

በየቀኑ አመጣ። ደካሞቹ ትሎች አንድ በአንድ ሞቱ፤ ጠዋት ስንነሳ የምናወጣው ሬሳ ነበር። የቀሩት ጥቂቶች ቅጠሉን አጠፉ፣ ድራቸውን ጠቀለሉ፣ ተኙ። ከተኙትም ውስጥ የደረቁ ነበሩ። ከዚያ የእሳት እራቶቹ ወጡ፤ አንዷ ክንፏ የተጨማደደ፣ አንዱ እግሩ የጎደለ፣ ሌሎቹም ተስፋ የሚጣልባቸው አይመስሉም። ኃላፊዋ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። እንቁላል ካልጣሉ አበቃ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገረውም።

አክስቴ ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ ቅጠሉን የምመረምርላት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጄን መሬት አስቀምጬ ከመስኮቱ ሥር አንዱን ቅጠል ገልብጬ ብርሃን ላይ ያዝኩት። ከጅማቱ ጎን እንደ ደቀቀ ጨው ያለ ነገር ተደርድሯል። ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ሌላ ቅጠል ገለበጥኩ። እዚያም አለ።

"አክስቴ! ጥለዋል!"

በጀሶዋ አፌን ልትመታኝ ምንም አልቀራት። በመስኮቱ አጮልቃ አየች፤ አባቴ በኮረብታው ጥግ ጆንያውን ተሸክሞ ጎብጦ ይወርዳል።

"ቀስ በይ እንጂ!" አለችኝ ሳቋን አፍና። "አባትሽ እንዳይሰማ። ጥቂት ቀን ይልፋ።"